ስም ያልተለጠፈባት ሳህን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ሲወጣ ምን ይቀረዋል? ይህን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮሌጅ ውስጥ ሳስተምር ኖሬ አንድም ቀን የረባ መልስ አላገኘሁለትም። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ግን ጥያቄው ራሱ መልክ አወጣ። ላቮን ሄግስታድን ይመስላል፦ ጥቅል ፕላስተር ወገቧ ላይ አንጠልጥላ፣ ከተገለበጠ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ፣ እያጉረመረመች ምንጣፍ የምትፈትግ የስድሳ አንድ ዓመት ሴት።

ላቮን ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜዋ የከተማችን የኬልሶ ክሪክ ቴአትር ቤት ነው። ቴአትር ቤት እንበለው እንጂ የድሮ የእህል መጋዘን ነው፤ መቶ አርባ ወንበር አለው፣ በክረምት አይሞቅም። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ የመድረክ ዕቃ ጠባቂ ሆና አገለገለች። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ አስታዋሽ ነኝ። መጋረጃው ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጽሑፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ቃል ለጠፋው ተዋናይ ቃሉን በሹክሹክታ አቀብላለሁ።

የኛ የአሜሪካኖች ተውኔት መቼም አንድ ነው። ጠረጴዛ አለ፣ ጠርሙስ አለ፣ አባት አለ፣ የሞተ ወይም የተካደ ልጅ አለ። በመጀመሪያው ገቢር ይቀመጣሉ፣ በሁለተኛው ይጠጣሉ፣ በሦስተኛው የቤቱ ገመና ከድንቹ ጋር መሬት ላይ ይፈሳል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል የሚለውን አንድ ተረት ይዘን መቶ ዓመት ቴአትር ሠራንበት። ላቮንን አንገሽግሿታል።

«ፕሮፌሰር፣ እስቲ ልጠይቅዎት» ትለኛለች ብሩሿን ምንጣፉ ላይ እየፈተገች። «እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ በልተው አይጨርሱም?»

«በልተው ከጨረሱማ ተውኔቱ አለቀ።»

«ይለቃ! ድንቹን የላጥኩት እኔ ነኝ። ያቺ ልጅ ‘አባቴ ማነው?’ ለማለት የግድ ወጡ መደፋት አለበት? እውነቱ እንደሆነ ከምሳ በኋላም እውነት ነው።»

በኬልሶ ክሪክ ጠረጴዛ የሚገለብጥ ሰው የለም። ሰው ሲሞት ሴቶቹ የጋገሩትን ከነሳህኑ ይዘው ይመጣሉ። በር ከማንኳኳታቸው በፊት ግን የሳህኑ ቂጥ ላይ ፕላስተር ለጥፈው ስማቸውን ይጽፉበታል። ዕቃው እንዳይጠፋ ነው ይላሉ። እኔ ሳስበው ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ስም ያለበት ሳህን ይመለሳል፤ ሐዘንተኛዋ ከወር በኋላ አጥባ ይዛው ትሄዳለች፣ ትቀመጣለች፣ ስለ ዝናቡ ይወራል። ይቅርታም፣ ምስጋናም፣ ትዝብትም በዚያች ባዶ ሳህን ይመላለሳሉ። አፍ አያስፈልግም።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈውን ላቮን የነገረችኝ ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው።

አባቷ ሃልቨር የሞተው ከአርባ አራት ዓመት በፊት፣ በየካቲት ነበር። መኪናው ከድልድዩ ሥር ተገኘ። ያ መንገድ ወደ ስትራውዶች እርሻ እንጂ ወደ ሌላ ወዴትም አይወስድም፤ ያን ሳምንት ደግሞ አቶ ስትራውድ ከብት ሊሸጥ ኦማሃ ወርዶ ነበር። ሁሉም ሰው ይህን ያውቃል። ሁሉም ሰው «በረዶው አንሸራቶት ነው» አለ፤ በዚያው አለቀ። ሄግስታዶች ቤት አሥራ ስምንት ሳህን መጣ። አሥራ ሰባቱ ስም ነበረባቸው። አሥራ ስምንተኛዋ፣ ዙሪያዋን ሰማያዊ አበባ የተሳለባት ክብ የመስታወት ሳህን፣ ኑድል የሚሉት ፓስታና ቱና ዓሣ ተጋግሮባት የጓሮ በር ደረጃ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። ፕላስተር የለባትም።

እናትየዋ ወይዘሮ አርዲስ አሥራ ሰባቱን በየቤቱ መለሱ። አሥራ ስምንተኛዋን አጥበው ላይኛው መደርደሪያ ላይ አኖሯት።

«የማን ናት እማ?» አለች ላቮን፤ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

«ባለቤቷ ስትመጣ ትወስዳታለች።»

በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥ ያወርዷትና አጥበው ይመልሷታል። ላቮን ገባት፤ ገብቷትም ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ወንድሟ ዳረል ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። አድጎ ቺካጎ ገባና ጸሐፌ ተውኔት ሆነ። ቴአትር ቤቱ ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በገዛ ቤታቸው ላይ የጻፈውን ተውኔት ይዞ መጣ። በተውኔቱ ውስጥ እናት አባትን በመርዝ ትገድላለች። ልምምዱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ላቮን መድረኩ መሀል አፋጠጠችው።

«እማዬ መርዝ አበላችው? ዳረል፣ እማዬ እኮ አይጥ በወጥመድ ይዛ ሜዳ ወስዳ የምትለቅ ሴትዮ ናት!»

«ምሳሌያዊ ነው ላቮን። መርዙ ዝምታው ነው።»

«ታዲያ ዝምታ ነው በላ! የራስ ቅል የተሳለበት ጠርሙስ ፈልጊ ብለህ የምታንከራትተኝ ለምንድነው?»

«ተመልካቹ ማየት አለበታ።»

«ተመልካቹ የሁለት መንደር ሰው ነው፤ ሁሉም እማዬን ያውቃታል!»

ዳረል ሳቀ። በሌለው ገመና ከተማውን ሊያንቀጠቅጥ የመጣ ሰው ነው፤ ያለውን አያውቀውም። መርዙን እንኳ ላቮን ቀስ በቀስ ዋጠችው፤ ማንም የማያምነው ነገር አይጎዳም ብላ። ወይዘሮ አርዲስ የአረጋውያን ማረፊያ ከገቡ ወዲህ ቤቱ ባዶ ነበርና፣ ዳረል ለመድረኩ እውነተኛ ዕቃ እፈልጋለሁ ብሎ መጋረጃውንም፣ የአባቱንም ወንበር፣ ያቺንም ሳህን ጭኖ መጣ። በሦስተኛው ገቢር ጠረጴዛው ሲገለበጥ የምትወረወረው እሷ ልትሆን ነው።

«ይቺን አይሆንም» አለች ላቮን።

«ለምን?»

ገመናን ለመጠበቅ ገመናውን መናገር ግድ ሲሆን ጠባቂው ምን ይበል? ስንት የፍልስፍና መጽሐፍ ሳገላብጥ ኖርኩ፣ ይህችን አንዲት ቋጠሮ የፈታ አላጋጠመኝም።

«በቃ አይሆንም አልኩህ» አለች። በማግስቱ ከልባሽ ዕቃ መደብር ስድስት ሳህን ገዝታ ደረደረችለት። አዘጋጇ ኮሪን መጥታ አንድ በአንድ በጥፍሯ መታ መታ እያደረገች ሞከረቻቸው።

«ላቮን የኔ ቆንጆ፣ እነዚህ ዝም ይላሉ። ይቺኛዋ ትናገራለች።»

«እኔስ የፈራሁት እሱን አይደል!»

የመጀመሪያው ትርኢት እሑድ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነበር። ከአረጋውያኑ ማረፊያ አሥራ አንድ ሰው በመኪና መጥቶ የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። መሀል ላይ የሰማንያ ስድስት ዓመቷ ወይዘሮ አርዲስ፤ ልጃቸው የጻፈውን ሊያዩ ሐምራዊ ሹራባቸውን ለብሰዋል። ከጎናቸው ጆሯቸው የደከመው ወይዘሮ ቬልማ ስትራውድ። ሁለቱ አሮጊቶች እዚያ ማረፊያ ውስጥ በየከሰዓቱ በአንድ ጠረጴዛ ካርታ ይጫወቱ ነበር። ስለ ካርታው እንጂ ስለ ሌላ ተነጋግረው አያውቁም።

ላቮን ከገዛቻቸው ሳህኖች አንዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። መጋረጃው ሊገለጥ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዳረል ገብቶ ሳህኗን ቀየራት። መብራት ሲበራ ሰማያዊዋ አበባ ታየች። ላቮን ከማዶ ሆና አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ምን ላደርግ እችል ነበር?

ሦስተኛው ገቢር ደረሰ፣ ጠረጴዛው ተገለበጠ። ሳህኗ አልተሰበረችም። ኑድሉን እየዘራች እንደ ጎማ ተንከባለለች፣ ከዝቅተኛው መድረክ ወረደች፣ የፊተኛው ረድፍ እግር ሥር ዞራ ዞራ ተኛች። ወይዘሮ ቬልማ ጎንበስ ብለው አነሷት። መስማት የተሳነው ሰው ድምፁን አይመጥንም።

«እንዴ! ይቺ እኮ የኔ ሳህን ናት!»

ቃል የጠፋው ተዋናይ ዝምታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ይህኛው ሌላ ነበር። መቶ አርባ ሰው ቃሉን በልቡ ይዞ ዝም አለ።

ወይዘሮ አርዲስ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«የአንቺ ናት። አርባ አራት ዓመት አጥቤ አስቀመጥኩልሽ። ምነው ሳትመጪ ቀረሽ?»

«በየት ልምጣ?»

«በጓሮ በር። መንገዱን ታውቂው የለ።»

ላቮን ከመድረክ ወረደች፣ ሳህኗን ተቀብላ በሽርጧ ጠረገቻት፣ መልሳ ወይዘሮ ቬልማ ጭን ላይ አስቀመጠቻት፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ተውኔቱ ቀጠለ፤ ባልየውም እንደተጻፈለት በመርዝ ሞተ። ሲወጡ ወይዘሮ አርዲስ ለልጃቸው ለላቮን የሰጡት አስተያየት «ኑድሉን አላልተሽዋል» የሚል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ማረፊያው ሄጄ ነበር። ሁለቱ ካርታ ይጫወታሉ። ሳህኗ የወይዘሮ ቬልማ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። ወይዘሮ አርዲስ «ተራሽ ነው፣ አትተኚብኝ» ይላሉ። አርባ አራት ዓመት የፈጀ ነገር በጥቂት ዓረፍተ ነገር አልቆ ነበር፤ እዚያው ላይ ቢተውት ኖሮ።

ማን ይተወዋል! ዳረል ፊቱ በርቶ «አሥራ አንድ ዓመት የፈለግኩት መጨረሻ ይሄ ነው!» እያለ ሰኞን ሙሉ ሲጽፍ ዋለ። ለሳምንቱ ትርኢት ሽበት የተቀባች ተዋናይት የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ «ይቺ የኔ ሳህን ናት!» ስትል፣ የእናትየዋን ቦታ የምትጫወተው ጆስሊን ከመድረክ ላይ መለሰችላት፤ አርባ አራቱም ዓመት፣ የጓሮ በሩም አልቀሩም። ላቮን የገዛቻቸው ስድስት ሳህኖች አሁን ሥራ አገኙ።

ላቮን ወንድሟን ለመነችው። አጠገባቸው ነበርኩ።

«መርዙን አልነካብህም። እማዬን ነፍሰ ገዳይ አድርጋት፣ ማንም አያምንህም። ይሄኛውን ግን አውጣው። ይሄኛው እውነት ነው።»

«እኮ! እውነት ስለሆነ ነዋ የማላወጣው!»

ኮሪን ጋ ሄደች። ኮሪን እስከ አምስተኛው ሳምንት ወንበር ተሸጦ ማለቁን ነገረቻት። ከሌላ ከተማ ሰው በመኪና ይመጣ ጀመር፤ ከትርኢቱ በፊት ማረፊያው በር ላይ ቆመው «ባለ ሳህኗ የትኛዋ ናት?» ብለው የሚጠይቁ አልጠፉም። በሦስተኛው ሳምንት የወይዘሮ ቬልማ ልጅ ከሚኒሶታ መጥቶ እናቱን ጠቅልሎ ወሰዳቸው። ሊሄዱ ሲሉ ወይዘሮ ቬልማ ላቮንን ጠርተው፣ ከወገቧ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ጠየቁ። ሳህኗን ወይዘሮ አርዲስ የካርታ ጠረጴዛ ላይ ትተዋት ሄዱ። ላቮን ገልብጣ አሳየችኝ፤ በሚንቀጠቀጥ ጽሕፈት «ቬልማ» ይላል።

«እንድትመለስላቸው ነው» አለችኝ። «እማዬ አሁን ሚኒሶታ ድረስ በምን ትሄዳለች? ብቻዋን ካርታ ትደረድራለች።»

ለአራተኛው ሳምንት ትርኢት ስንዘጋጅ በርጩማዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። በዚህ ሁሉ ዓመት እኔን ምንም ለምናኝ አታውቅም።

«ፕሮፌሰር፣ ጆስሊን ያቺን የአርባ አራት ዓመቷን መስመር እንደምትረሳ ያውቃሉ። ባለፈው ሁለት ጊዜ ጠፍቶባታል።»

«አውቃለሁ።»

«ከረሳች አያስታውሷት። ትዝለለው። አንድ ቀን እንኳ ሳይባል ይቅር።»

እሑድ ከሰዓት፣ ሳህኗ ተንከባለለች፣ ሽበት የተቀባችው ሴት ጮኸች፣ ጆስሊንም አፏን ከፍታ ቀረች። ቃሉ ጠፋባት። ዐይኗን ወደ እኔ ወረወረች። ከማዶ ላቮን ፕላስተሯን ይዛ ቆማለች፣ እሷም ታየኛለች። ጽሑፉ ጉልበቴ ላይ ተዘርግቷል፣ ጣቴ መስመሩ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የለመደ ምላስ ከልቤ ቀድሞ ወጣ፤ «አርባ አራት ዓመት አጥቤ...» ብዬ አቀበልኳት።

መጋረጃው ከመገለጡ በፊት «ዝም ይበሉ» ነበር ያለችኝ፤ «ሌላ ምንም አልለምንዎትም ፕሮፌሰር፣ ዝም ብቻ ይበሉልኝ።»