የከሱት ኳስ ተጫዋቾች

ከቆቦ የወጣሁት መግሪብ ተሰግዶ ሰው ወደየቤቱ ሲገባ ነው። ባለቤቴ ከድጃ እያለቀሰች ጥፍሬን በላምባ ትፈትግልኛለች፤ ቀይ ቀለሙ ግን አልለቅ አለ። ኬላ ላይ እጄን የሚያይ ፖሊስ ሁሉ ማንነቴን የሚያውቅ መሰለኝ። ልጃችን ተኝቷል፤ ነቅቶ ያለቅስብኛል ብዬ ፈርቼ ሳልስመው ወጣሁ።

ወገኖቼ፣ ያስወጣኝ ሥዕል ነው። የምኖረው የሱቅ ማስታወቂያ እየሳልኩ ነበር። አንድ የለስላሳ ነጋዴ በመንገድ ዳር መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ጠርሙስ የያዙ ኳስ ተጫዋቾች እንድስል፣ ከላይም «ይጠጡ፣ ያሸንፉ!» ብዬ እንድጽፍ አዘዘኝ። አንድ ተጫዋች ካርቶን ላይ ቆርጬ አወጣሁና እሱኑ እያተምኩ፣ ያው ፊት፣ ያው ማልያ፣ ያው ጠርሙስ፣ ቡድኑን በሙሉ ደረደርኩት።

ያን ጊዜ ረሃቡ ሰዉን ከራያ ገጠር እየነቀለ መንገድ ላይ ይጥለዋል። ከዋጃ በኩል የመጡ አንዲት እናት ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጠው ሥዕሉን ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ እነዚህ የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አሉኝ።

«የእኛው አገር ናቸው፣ እናቴ።»

«ወላሂ፣ የእኛ ሰውስ እንዲህ አይደለም።»

በማግስቱ እዚያው ሞተው አገኘኋቸው። ብሩሼን አነሣሁ። የመጀመሪያውን ተጫዋች እንዳለ ተውኩት። የሁለተኛውን ጉንጭ አጎደጎድኩት፤ የቀጣዩ የጎን አጥንት ወጣ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ማልያው ምስማር ላይ የተሰቀለ መሰለ። ጠርሙሱ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳማረበት ቀረ።

ከወረዳ ግዛቱ አንድ ሹም ከፖሊስ ጋር መጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የኳስ ቡድን ነው፣ ጌታዬ።»

«ለምን ከሱ?»

«ልምምድ በዝቶባቸው» አልኩ።

«ቆቦ ውስጥ ረሃብ የለም!» አለ፣ መሬት ላይ የተጋደሙትን እየተራመደ። «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ትመጣለህ። ማን ሣል እንዳለህ ያኔ ትናገራለህ።»

ሹሙ ፊቱን ሲያዞር ፖሊሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ነገን አትጠብቅ» አለኝ።

የአፋር ግመል ነጋዴዎች ይዘውኝ ወደ በረሃው ወረዱ። መኪና በተሰማ ቁጥር እሾህ ውስጥ እገባለሁ፤ እነሱም ግመሎቹን አቁመው ይጠብቁኛል። ጅቡቲ ስገባ ሙቀቱ የቆቦን በጋ አስናፈቀኝ። ዳቦውን ባጌት ይሉታል፤ ዱላ የሚያክል ነው፣ ወጥ አያነሣም። ጎረቤት ደጅህን አያንኳኳም። የቤት አከራዬ ሥራዬን ጠየቀኝ።

«ሰዓሊ ነኝ።»

«ግድግዳዬን እንዳትነካ!»

አሁን ለዚህ አገር ሱቆች የምስላቸው ተጫዋቾች ሁሉም ድልብ ናቸው። ያም ሆኖ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ቆሞ ካየኝ ብሩሹ ከእጄ ይወድቃል።

ባለፈው ሰሞን በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለከድጃ ቀጠሮ ልኬላት ቆቦ ስልክ ቤት ደወልኩ።

«ከድጃ፣ እኔ ነኝ፤ ሰይድ።»

ከአጠገቧ አንድ ወንድ እንደዚያ ሹም እየተቆጣ «ማነው እሱ?» ሲል ይሰማኛል።

«ተሳስተዋል ጋሼ» አለችኝ። «ሰይድ የሚባል ሰው አላውቅም።»

ስልኩን ግን አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም። መሥመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ትንፋሿን እየሰማሁ ቆምኩ።