የመግቢያው ሦስተኛ አንቀጽ

በሆስፒታሉ "እጀ ቀላሉ" ነው የሚሉት። ሃያ ሁለት ዓመት ደም ሲቀዳ "አመመኝ" ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል። እንግዲህ ይህ ሰው ነው፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከአንድ ገጽ ተኩል ወረቀት ጋር ትንቅንቅ የገጠመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲግሪ የሌለው ሰው የላቦራቶሪ ማሽን ላይ አይቀመጥም፣ ናሙና ያመላልስ የሚል መመሪያ ወጣ። እጀ ቀላሉ ቅዳሜና እሁዱን ሰውቶ አራት ዓመት ተማረ። ፈተናውን ሁሉ አለፈ። የቀረው የምርምር ሪፖርት ብቻ ነው፤ ሥራው ራሱ ደግሞ ተሠርቶ አልቋል፣ ልብ በሉ! ለስኳር ምርመራ የተቀዳ ደም በሙቀት ወር ኮሪደር ላይ ሲቆይ ስኳሩ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ታማሚውም "ደህና ነህ" ተብሎ እንደሚሸኝ በሁለት መቶ አሥር ናሙና አሳይቷል። የገደለው መግቢያው ነው። በእንግሊዝኛ፣ ያውም በምሁራኑ ወግ የሚጻፈው መግቢያ።

አማካሪው ደግሞ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት መርፌ አያያዝ ያስተማራት ልጅ! ዶክተር ሆና መጣችለት። ያኔ "አንቺ ልጅ፣ ምን ያስፈራሻል፣ ውጊው!" ይላት የነበረው ሰውዬ ዛሬ ቢሮዋ በር ላይ ኮቱን ቆልፎ ይቆማል።

"ጋሽዬ፣ ይቀመጡ" አለችው ሰኞ ዕለት፣ በቀይ የተዥጎረጎረውን ወረቀት እየገፋችለት። "ለአራተኛ ጊዜ መንገሬ ነው። መጀመሪያ ችግሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ። ቀጥሎ ከእርስዎ በፊት ማን ምን እንዳጠና። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እነሱ ሳይነኩት የቀረውን። ከዚያ እርስዎ ይገባሉ። እርስዎ ግን ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ምስጋና ይጽፋሉ! 'የተከበሩት መምህራችን ጉዳዩን ምንም ሳያስቀሩ አጥንተውታል።' ምንም ካላስቀሩ እርስዎ ምን ሊሠሩ መጡ?"

ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስቶ አጠፈው።

"እስከ ሐሙስ ነው" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ካለፈ ምዝገባዎ ይሰረዛል። ያኔ እኔም ምንም አላደርግልዎትም።"

መምህራችን የሚላቸው ጋሼን ነው፤ የቀድሞውን የላቦራቶሪ ኃላፊ። ወለል ጠራጊ ሳለ መጥረጊያውን ከእጁ ተቀብለው ማይክሮስኮፕ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ሲያገባ አባት ሆነው የቆሙለትም እሳቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው፣ አልጋ ይዘው ተኝተዋል። ስለዚህ ጉዳይ በሆስፒታሉ የተሠራው ብቸኛ ጥናት የሳቸው ነው። ደሙ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ምንም አይሆንም ይላል፤ ሆስፒታሉም እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚያ ነው። ግን ጥናቱ የተደረገው በቀዝቃዛዎቹ ሦስት ወራት ብቻ ነበር። እጀ ቀላሉ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ቁጥሩን የመዘገበው ራሱ ነበራ! ታዲያ "ጋሼ ይህን አላዩም" ብሎ መጻፍ አባቱን በአደባባይ በጥፊ ማጮል ሆኖ ታየው።

"ጻፈውና ገላግለን!" አለች ሚስቱ። "እንደ ስድብ የምታየው አንተ ብቻ ነህ። ነው ወይስ በዚህ ዕድሜህ ትሪ ይዘህ ኮሪደር ለኮሪደር ልትሯሯጥ አማረህ?"

ማክሰኞ ጻፈ፣ ሰረዘ። ረቡዕም ጻፈ፣ ሰረዘ። ወሽመጡ ቁርጥ አለ። በመጨረሻ ረቡዕ ከሥራ ሲወጣ እግሩ ጋሼ ቤት ወሰደው። ፈቃድ ልጠይቅ ብሎ ነው፤ ምን ያድርግ? ሌላ መላ አልመጣለትም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገራቸው።

"ስንት ናሙና ነው?" አሉት ጋሼ።

"ሁለት መቶ አሥር።"

"በሙቀቱ ወር?"

"በሙቀቱ ወር።"

"ቀነሰ?"

"ቀነሰ፣ ጋሼ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "እውነት ነው፤ ይጻፍ" አሉ በኋላ። "ግን ልጄ፣ እኔ ካለፍኩ በኋላ ይሁን። ብዙ አላስጠብቅህም።"

ነገ ሐሙስ ነው ሊላቸው አፉን ከፈተ። አልወጣም። "እሺ ጋሼ" አለ፣ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለ፣ ወጣ። መንገድ ላይ ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ሰልፉ ጋብ ሲል፣ የላቦራቶሪው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠ። የጻፈው ሁለት መስመር አይሞላም። ከዚህ በፊት የተደረገው ብቸኛ ጥናት የቀዝቃዛዎቹን ወራት ብቻ የሚመለከት ነው፤ በሙቀት ወራት የሚሆነው እስካሁን አልታወቀም። በቃ። ስድብ የለው፣ ስም የለው። አትሞ አወጣው። በዚያን ቀን ግን ደም የመቅዳቱን ሥራ ለሌላ ሰጠ፤ እጁን አላመነውም።

ዶክተሯ ቆማ አነበበችው። "ይኸው! አሁን ገና መግቢያ ሆነ!" ብላ ፈረመች። "ጋሽዬ፣ ለዚች ነው ይሄን ሁሉ ያመላለሱኝ?"

ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ደረጃው ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

"ወረቀትህ እንዴት ሆነ?"

"አለፈ፣ ጋሼ።"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! እኔንስ ምን አልከኝ?"

ግድግዳውን ተደገፈ። "በደንብ ነው የጻፍኩት" አለ።

"አውቄዋለሁ! አንተ ቃልህን የምታጥፍ ልጅ አይደለህም። ተባረክ። ዓይኔ እምቢ ባይለኝ ራሴ ባነበብኩት። ቅዳሜ ይዘኸው ናና አንብብልኝ። ያቺን ስለ እኔ ያልካትን ሁለት ጊዜ ታነብልኛለህ።"

"እሺ ጋሼ" አለ።