ለደጃፉ የተሳሉት ጃንጥላ

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ያን ሕንፃ መጀመሪያ ያዩት በትራም መስኮት፣ በጉም ውስጥ ነው። ግድግዳው ቀይ ጡብ፤ ከበሩ ግራና ቀኝ ነጫጭ ዓምዶች፤ ከዓምዶቹ በላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር፤ በጣሪያው አናት ትንሽ ጉልላት፤ በጉልላቱ ጫፍ ደግሞ መስቀል። ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ከገቡ ገና ብዙ አልቆዩም፤ ልጃቸው ዮሃና ካርቱም አክስቷ ዘንድ ቀርታለች። በሚቀጥለው ፌርማታ ወርደው ተመለሱ። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ዓምዱን ተሳለሙና «ልጄን አምጣልኝ እንጂ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አገባለሁ» ብለው ተሳሉ።

ዮሃና መጣች። ወይዘሮ ወለተሥላሴም በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ይዘው ስለነበር፣ ቀዩን የቬልቬት ጃንጥላ ከአዲስ አበባ አስመጥተው፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከደጃፉ ደረሱ። በሩን የከፈተላቸው ዘበኛ መልኩ የአገር ሰው መሰላቸው።

«ቅዳሴው አለቀ እንዴ?» አሉት።

ዘበኛው ከረን ተወልዶ፣ አማርኛውን መርካቶ ሲነግድ የለመደ ኤርትራዊ ነበር። «እሜቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ቢሆን እኔን ማሕሙድን በር ላይ ያቆሙኝ ነበር?»

ሕንፃው የበጎ አድራጎት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። አርክቴክቱ የድሮ እንግሊዝ ባላባቶችን ቤት አስመስሎ ነው ያሠራው፤ መስቀል የመሰላቸውም የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ነው። ወደ ውስጥ ሲያዩ፣ መቅደስ በጠበቁበት ቦታ ሰፊ የእንጨት ደረጃ ተዘርግቷል።

የሚያስቀድሱበት የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነገሩን ሰምተው ሳቁ። «ለኛው ቤተ ክርስቲያን አስገቢው። እግዚአብሔር አድራሻ አይጠፋውም።»

እሺ አሉ፤ ልባቸው ግን እሺ አላለም። የተሳሉት እዚያ ደጃፍ ነው። ጃንጥላው ላክ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታቸው ቁም ሣጥን ላይ ዓመታት ተቀመጠ፤ ትራሙ በሕንፃው በኩል ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ያን ቀን ስለቱን ሰምቶ ስልካቸውን የያዘው ማሕሙድ ደወለ። «ቤቱ ተሽጧል፤ አፓርታማ ሊሆን ነው። አርብ የመጨረሻው የእርዳታ ቀን ነው። ስለትዎን ምን ሊያደርጉት ነው?»

አርብ ከዮሃና ጋር ሄዱ። ዝናቡ ይወርዳል፤ እርዳታ ፈላጊዎች እስከ መንገዱ ድረስ ተሰልፈዋል። ወይዘሮ ወለተሥላሴ ያኔ የተሳለሙትን የሕንፃውን ፊት ያን ቀን ልብ ብለው አዩት። ዓምዶቹ ግማሽ ናቸው፤ ከግድግዳው ጋር ተለጥፈዋል። ያ የሚያምር ግንባርም ከስንዝር ብዙ አልፎ አይወጣም፤ አንድ ሰው እንኳ አያስጠልልም። ሥሩ አንዲት እናት ሕፃኗን በብርድ ልብስ ሸፍና ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

ጨርቁን ፈቱት።

«ማማ፣ ካን ኒት!» አለች ዮሃና። «አይሆንም! ይበላሻል እኮ። የታቦት ነው ስትዪ አልነበር?»

«ስለትሽ ነው። አንቺን የለመንኩት እዚህ ቆሜ ነው።»

ከፍተው በእናትና ልጁ ላይ ዘረጉት። ቬልቬቱ ውኃ ጠጥቶ ከበደ፤ ቀለሙ በእጀታው ላይ እየወረደ እጃቸውን አቀላው፤ በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዙት። ማሕሙድ ከውስጥ አይቶ ወጣ።

«ያምጡት እሜቴ።»

«አንተ? የታቦት ጃንጥላ?»

«ለኢማሙ እንዳይነግሩብኝ እንጂ።»

ሰጡት። እጃቸው ነጻ ሲወጣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉ፤ ወደ ግማሹ ዓምድ ተጠግተው ግንባራቸውን አስነኩና ሳሙት። ከዚያም ዮሃናን፣ «ነይ፣ ትራሙ ሳያመልጠን» አሏት። ጃንጥላውን አልጠየቁም።