የረጋ ደምና ይሉኝታ

ባሌ የባዮሎጂ መምህር ነበር። ከሚያስተምረው ሁሉ የደም መርጋትን ይወድ ነበር። ገላ ሲቆረጥ፣ በደም ውስጥ ያሉ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች ወደ ቁስሉ ተሯሩጠው ይጣበቃሉ፤ ቀጥሎ ቀጫጭን ክሮች እንደ መረብ ተጠላልፈው ደሙን ይይዙታል። ቀዳዳው ይደፈናል፤ ሰው ይተርፋል። ይኸው መረብ ያለ ቁስል፣ ደም ሥር ውስጥ በተኛ ደም ላይ ከተሠራ ግን ጠላት ነው። ተገንጥሎ ከሄደ በልብ በኩል አልፎ የሳንባን ሥር ይዘጋል። ይህን በጠመኔ እየሣለ አስተምሯል።

እግሩ ተሰብሮ በጀሶ ከከረመ በኋላ ባቱ አበጠ፣ ጋለ። ሐኪሙ «የረጋ ደም ነው» ብሎ ደም ማቅጠኛ መርፌ አዘዘለት። ለሁለታችንም «እንዳይታሽ» ብሎ ነገረን። በአማርኛ ነው የተናገረው።

በማግስቱ የባሌ ታላቅ ወንድም አዘዞ ወዳለው ቤታችን መጣ። አራዳ ገበያ ውስጥ ሱቅ አለው፤ የማያውቀው ነገር ደግሞ የለም። ወጌሻ በባጃጅ ጭኖ፣ ቅቤ ይዞ ነው የመጣው።

«ደሙ እኮ ቆሞ ነው! ታሽቶ ካልተበተነ በምን ይድናል?»

«ሐኪሙ ከልክሏል» አልሁ።

«አንቺ ደግሞ! ሐኪም ያለው ሁሉ ወንጌል ነው? ምነው፣ ለወንድሜ ከኔ በላይ ልታስቢ ነው?»

ወጌሻውን አልወቅሰውም፤ ወለምታ ነው ተብሎ መጥቶ ደጅ የሚጠብቅ ሰው ነው። ባሌን አየሁት። አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አያ ይህን ያህል ደክሞ መጥቶ እንዴት እምቢ ልበለው?» አለና ሱሪውን ሰበሰበ።

ይሉኝታ ይሉታል፤ ጨዋነት ነው ይላሉ። እኔ ፍርሃት የክት ልብስ ለብሶ ነው እላለሁ። ለተማሪ የሚነገር፣ ለወንድም የማይነገር እውቀት ምን ይሠራል?

ወጌሻው አሽቶ ጨርሶ ወንድሙ ሲነሣ፣ ባሌ ሊሸኘው እያነከሰ ተከተለው። ደጃፉ ላይ ደረቱን ያዘ። ትንፋሽ አጠረው፤ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ምን ሆንህ?»

«ምንም። አያን ሸኚልኝ።»

ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወንድሙ «መርፌው ነው የጨረሰው» ሲል ሰው ሁሉ «እውነት ነው» አለለት።

«መርፌው አይደለም» አልሁ። «ያሳሸኸው አንተ ነህ።»

አንዲት አክስቱ «ኧረ በሰው ፊት!» ብላ ቀሚሴን ጎተተችኝ። እሱ ጋቢውን ሰብስቦ ተነሣ። ሴቶቹ ተከትዬ እንድወጣ በዓይናቸው ይጠቅሱኛል።

አልሸኘሁትም።