ሁልጊዜ መቶ ሃያ በሰማንያ የሚለው ማሽን

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከለቡ መብራት ኃይል የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም፤ ለጠብ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ዘውዴ የግፊት መድኃኒቷን ካቆመች ወር አልፏታል። «ማሽኑ ደህና ነሽ ብሎኛል» ትላለች። የግፊት መለኪያ ማሽኑን የገዛሁላት ደግሞ እኔው ነኝ! ፉሪ ከቤቷ አንስቼ ሀና ማርያም ወደሚገኝ ክሊኒክ ልወስዳት ነው።

ሁለት ታክሲ ቀየርኩ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ!» እያለ አራተኛ ሰው ጎኔ ላይ ጠቀጠቀብኝ። ስወርድ ሁለት ኪሎ ሙዝ በሁለት መቶ ብር ገዛሁ፤ ተናድጄም ቢሆን አክስቴ ቤት ባዶ እጄን አልገባም።

ፉሪ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ማሽኑ ቡፌው ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጠርዙ ሰማያዊ፤ ሲያዩት ያምራል። ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም። በእኛ ዘመድ ቤት የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አይነሳም፤ የፍሪጁም የሪሞቱም እንደተለጠፈ ነው።

«እቴቴ፣ መድኃኒቱን ለምን ተውሽው?»

«ምን አጠፋሁ? በየቀኑ እለካለሁ። መቶ ሃያ በሰማንያ! አንድ ቀን እንኳ ዋዥቆ አያውቅም። የክሊኒኩማ ዛሬ ይህን፣ ነገ ያንን ይላል።»

«ራስ ምታቱስ?»

«እሱ የፀሐይ ነው።»

ደሜ ፈላ። እሷንም ማሽኑንም ይዤ ወጣሁ።

ሀና ማርያም፣ አምስት ሰዓት

ሲስተሯ ያወጣችው መለኪያ በእጅ የሚነፋ፣ ጎማው በፕላስተር የተጠገነ ነበር። አክስቴ ክንዷን ሰበሰበች።

«ይሄንን? ቁራሌው እንኳ አይገዛውም!»

«እማማ፣ መልኩን አይዩት» አለችና ለካቻት። ፊቷ ተለወጠ። «ሁለት መቶ በመቶ አስር።»

«ውሸት ነው!» አክስቴ የራሷን ማሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «በዚህ ለኪኝ።»

ሲስተሯ ጎንበስ ብላ አየችው። «እማማ፣ ይሄ እኮ ሳይበራም መቶ ሃያ በሰማንያ ይላል።» የላስቲኩን ጠርዝ በጥፍሯ ይዛ ላጠችው። ቁጥሩ የታተመው ላስቲኩ ላይ ነበር፤ የማሽኑን እውነተኛ ቁጥር ሸፍኖት ኖሯል። ከዚያ በዚያው ማሽን ስትለካት እሱም ሁለት መቶ ገደማ አለ።

አክስቴ ላስቲኩን በሁለት ጣቷ አንስታ ቁጥሩን አየችው። «ወሩን ሙሉ ሳነበው የኖርኩት ይቺን ነው?»

እኔ ጮኽኩ። ዕቃው ሱቅ ውስጥ እንዲያምር ብሎ የጤነኛ ሰው ቁጥር ያተመበትን ሰው፣ የትም ይሁን የት፣ ረገምኩት። ሐኪሙ «እስካሁን የጠበቃት እግዜር ነው» ብሎ መድኃኒቷን አስጀመራት። የመጀመሪያዋን ፍሬ እዚያው ዋጠች።

ለቡ፣ አሥር ሰዓት

ቤቴ ገብቼ ይህን ስጽፍም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ያማረ ነገር ሁሉ እውነት የሚናገር የሚመስላት አክስቴ ብቻ አይደለችም። ሻጩ «ላስቲኩን ልላጠውና ሞክረህ ውሰደው» ብሎኝ ነበር። «ተው፣ ተው፣ አዲስነቱ ይጠፋል» ያልኩት እኔ ነኝ።