አባቴ ዳማውን ሲጭኑ

ከፈረሰኛ ቤት ተወልጄ ፈረስ እፈራ ነበር። በእኛ በአዊ ይህ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነገር ነው። እስከ ዘጠኝ ዓመቴ እጋልብ ነበር፤ አንድ ቀን ወድቄ ክንዴ ተሰበረ፣ ድፍረቴም እዚያው ቀረ። አድጌ ቆሰበር ላይ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ እንኳ፣ ተማሪ ቀና ብሎ የማያየኝ ሴትዮ፣ የጋሪ ፈረስ ሲያሽካካ ስሰማ ባጃጅ ውስጥ እገባ ነበር።

አባቴ አንድ ልማድ ነበራቸው። ዳማ ፈረሳቸውን ሲጭኑ ዳዊት ይደግማሉ። ማንበብ አይችሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ቆመው እየሰሙ በቃላቸው የያዙት ነው። ልጓሙን ሲያገቡ፣ ኮርቻውን ሲያጠብቁ፣ «እረኛዬ» የሚለውን መዝሙር ለራሳቸው ያነበንባሉ። እኛ ልጆቻቸው ፈረሱን የሚያረጋጉበት ይመስለን ነበር።

አንድ ዓመት አባቴ እግራቸው ተሰብሮ ተኝተው ሳለ፣ ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ የሚኖሩ የዕድሜ ልክ ባልንጀራቸው አረፉ። ፈረሰኛ ሲሞት የባልንጀሮቹ ፈረሶች ተሸልመው ቀብሩ ላይ ይሰለፋሉ። የአባቴ ፈረስ ከእንዲህ ያለ ቀብር ቀርቶ አያውቅም። ወንድሜ ለትምህርት ባሕር ዳር ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

«ፈሪ ለእናቱ» ይባል የለ፤ እናቴ «በባጃጅ ሂጂና አልቅሰሽ ተመለሽ» አሉኝ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዳማው ይሄዳል፤ እኔ እወስደዋለሁ» አልኩ።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ዳማውም ባለቤቱን ስላላየ ይቁነጠነጣል፤ ኮርቻውን ባቀረብኩ ቁጥር ይሸሻል። ሁለት ፈሪዎች ተፋጠጥን። ሌላ የማውቀው ስላልነበረኝ ያንን መዝሙር ጀመርኩ። አባቴ የሚደግሙት በግዕዝ ነው፤ እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩት በአማርኛ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል። በሞት ጥላ መካከል ብሄድም እርሱ ከእኔ ጋር ነው የሚለው ላይ ስደርስ ግን፣ ስንት ዓመት በአፌ ብቻ ስለው የኖርኩት ቃል ለእኔ የተነገረ መሰለኝ። ደጋግሜ አልኩት። ኮርቻውን እንደገና አነሣሁ። ዳማውም ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ፤ ግዕዝ ይሁን አማርኛ አልጠየቀኝም። ቆመልኝ፤ ጭኜ ወጣሁበት።

መንገዱን ሙሉ እየደገምኩ ሄድኩ። ከፈረሰኞቹ ሰልፍ ስገባ አንድ ሽማግሌ በአገውኛ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአባቴን ስም ሌሎቹም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። በዚያ ቀን የኮራሁትን ያህል በሕይወቴ ኮርቼ አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ተመልሼ አባቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ፈረሱን የሚያረጋጉበት መዝሙር ለእኔም በጀኝ» አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። «ፈረሱ ምን ቸገረው? ጎረምሳ ሳለሁ አንዱ ጥሎ ጎድኔን ሰብሮኛል። ከዚያ ወዲህ እርካብ በረገጥሁ ቁጥር እፈራለሁ። የምደግመው ለራሴ ነው ልጄ።»

አገሩ በድፍረታቸው የሚያነሣቸው አባቴ ናቸው እንዲህ ያሉኝ። አርባ ዓመት ሙሉ እየፈሩ፣ እግራቸው እስኪሰበር አንድ ቀን እንኳ ከሰልፍ ያልቀሩ ሰው ልጅ ነኝ።