ቁልፉ ለወንዶች ተሰጠ

የእናቴ የቀርከሃ እንሰት መፋቂያ ወልቂጤ ባለው ቤቴ፣ ከመጻሕፍቴ ጎን ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት ስለ ኢኮኖሚው ማገገምና ስለ ቴክኖሎጂ ከተጠራ ስብሰባ ተናድጄ ስመለስ አንስቼ አሸተትኩት። የእንሰቱ ኮምጣጣ ሽታ ዛሬም አለቀቀውም።

ልጅ እያለሁ፣ ከጉብሬ ወጣ ባለው መንደራችን፣ ሴቶች ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ ወንድ ዝር አይልም ነበር። እንሰቱን ዘንበል ካለው ሳንቃ ጋር በእግር ረግጦ ይዞ ነው የሚፋቀው፤ ቀሚስ ይገለባል፤ ማየት ነውር ነው። እኔም ከእናቴ ጎን እፍቅ ነበር። ትምህርት ቤት ያልገባሁትም ለዚሁ ነው።

አንድ ቀን የመፋቂያ ማሽን መጣልን፤ አዲስ ቀለምና ናፍጣ ይሸታል። እናቴ "ይሄ ከሠራ መስከረም ላይ ትገቢያለሽ" አለችኝ። ማሽኑን እንደ ዘመድ ወደድኩት።

ይዞት የመጣው ባለሙያ ግን ሦስት ወንዶች መርጦ አሠለጠነ፤ ቁልፉንም ለጎረቤታችን ለጋሽ ደምስ ሰጠ። ጋሽ ደምስ በሳምንቱ መለሰለት።

"ሚስቴ ስትፍቅ እንኳ በዚያ በኩል አላልፍም። አሁን ሴት መሀል ገብቼ ልፍቅ? ልጆቼ የማን ልጅ ሊባሉ ነው?"

"እንግዲያው ለእኛ አሳየን" አለችው እናቴ ባለሙያውን።

"ሞተር ነው እናቴ፤ እጅዎን ይበላዋል።"

የተሰነጣጠቁ መዳፎቿን ዘረጋችለት። "ይሄ ያልተበላ መስሎህ ነው?"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱ ከማሽኑ ጋር ፎቶ ተነስቶ ሄደ፤ ማሽኑም መጋዘን ተቆልፎበት ዝጎ ቀረ።

መስከረም አለፈ፤ ሌላም መስከረም። አንደኛ ክፍል የገባሁት የታናሽ እህቴ እግር ለሳንቃው ደርሶ እኔን ስትተካኝ ነው። ከክፍሉ ረጅሟ እኔ ስለነበርኩ ልጆቹ "እትዬ" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

በስብሰባው ላይ አዲስ የመፋቂያ ማሽን በሥዕል አሳዩን፤ አጠገቡ ክራባት ያሰረ ሰው ቆሟል። ተናጋሪው ኢኮኖሚው አገግሟል፣ ዕድገቱን የሚያዘልቀው ቴክኖሎጂ ነው አለ። እጄን አወጣሁ።

"ማን ነው የሚያስነሳው?"

"የሠለጠነ ባለሙያ ነው፣ እህቴ።"

"ከሠለጠኑት ሴት አለችበት?"

"በሁለተኛው ዙር" ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ። አዳራሹ አጨበጨበለት፤ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። በሽተኛዋን ሳያይ "አገገመች" የሚል ሐኪም አይታመንም።

እህቴ ዛሬም ትፍቃለች። ያኔ እጃችን እኩል ይሰነጠቅ ነበር፤ የእኔ ገጽ ሲገልጥ ለስልሷል። ቆጮ ይዛልኝ ስትመጣ ስቄ እቀበላታለሁ፤ ዓይን ዓይኗን አያለሁ። እጇን ግን አላይም።